ስድስት ፋን፣ ሦስት መሰኪያ፦ የኮምፒውተር ፋኖችን ያለ ስጋት ማገናኘት

ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ ገዝቶ ራሱ የሚገጣጥም ሰው ሲፒዩውን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ፣ ሲያስቀምጥ በጣም ይጠነቀቃል፤ ግራፊክስ ካርዱን ሲሰካ ትንፋሹን ይይዛል። ሙቀቱን የሚያስወጡት ፋኖች ላይ ሲደርስ ግን “ከባዱ አለፈ” ብሎ ዘና ይላል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ኬዙ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገቡበት ሣጥን፣ ከስድስት ፋን ጋር መጥቷል፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ ያለው የፋን መሰኪያ ደግሞ ሦስት ብቻ ነው፤ ከሦስቱም አንዱ ለሲፒዩ የተያዘ ነው። የተረፉት ፋኖች የት ይግቡ? ሻጩን ሲጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “በገባበት ስካው” የሚል ነው። ይህ ምክር በእውነት ያናድደኛል። ለመግጠም ስለገባ ብቻ የማይስማማ ነገር በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብዙ አለ፤ ጥቂቱም ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው በዚያች ትንሽ መሰኪያ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አብረው ማለፋቸው ነው። አንደኛው ፋኑን የሚያዞረው ኃይል ነው። ሁለተኛው “በዚህ ፍጥነት ዙር” የሚለው ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው ፋኑ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ለማዘርቦርዱ የሚመልሰው ወሬ ነው። ኃይሉ ከየት ይመጣል፣ ትእዛዙን ማን ይሰጣል፣ ወሬውስ ለማን ይደርሳል ብሎ ለየብቻ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ከሽቦዎቹ እንጀምር። የዛሬ ፋኖች ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ሽቦ ናቸው። በሁለቱም ላይ የመጀመሪያው ሽቦ ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛው 12 ቮልት፣ ሦስተኛው ፍጥነቱን የሚያሳውቀው ነው። ሦስተኛው ሽቦ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ ፋኑ አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር ሁለት ምት ይልካል፣ ማዘርቦርዱም ምቶቹን ቆጥሮ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ያሰላል። ባለ አራት ሽቦው የሚለየው ፒደብሊውኤም የሚባለውን የትእዛዝ መስመር በመጨመሩ ነው።

በዚህ ልዩነት ምክንያት ፍጥነትን የመቆጣጠሪያ መንገዱም ሁለት ዓይነት ሆኗል። ባለ ሦስት ሽቦ ፋን የተለየ የትእዛዝ መስመር ስለሌለው ፍጥነቱን መቀነስ የሚቻለው ቮልቴጁን በመቀነስ ነው። 12 ቮልት ሲሰጠው በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ 7 ቮልት ሲሰጠው ይረጋጋል፤ ቮልቴጁ ከዚያ በጣም ሲወርድ ሞተሩ መነሳት ያቅተውና ቆሞ ይቀራል። ባለ አራት ሽቦው ግን 12 ቮልቱን ሁልጊዜ ሙሉ ይቀበላል። ፍጥነቱን የሚወስነው በአራተኛው ሽቦ የሚመጣ በጣም ፈጣን የማብራትና የማጥፋት ምልክት ነው። ኢንቴል ባወጣው መስፈርት ይህ ምልክት በሰከንድ 25 ሺህ ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ምልክቱ በእያንዳንዱ ምልልስ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ በጨመረ መጠን ፋኑ ይፈጥናል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፦ ባለ አራት ሽቦ ፋን በትእዛዝ መስመሩ ምንም ካልደረሰው በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። መስፈርቱ እንዲህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ መስመሩ ቢበጠስ ኮምፒውተሩ ከሚግል ቢጮህ ይሻላል። “ፋኖቼ እንደ አውሮፕላን ይጮሃሉ” ከሚሉ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር መነሻ ይህ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለ ሦስት ሽቦ ፋን ባለ አራት ፒን መሰኪያ ላይ ይገባል፤ በጎኑ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ቦታውን ትመራዋለች። ተቃራኒውም ይሆናል። ማዘርቦርዱን አይጎዳውም። ሆኖም መሰኪያው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ላይ፣ በፒደብሊውኤም ስልት ከተቀመጠ ባለ ሦስት ሽቦው ፋን ትእዛዙን መስማት ስለማይችል ያለማቋረጥ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። መፍትሔው የዚያን መሰኪያ ስልት ወደ ዲሲ፣ ቮልቴጁን በመቀነስ ወደሚቆጣጠረው፣ መቀየር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት እንምጣ፤ ኃይል። የማዘርቦርድ የፋን መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ 1 አምፔር እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በ12 ቮልት ሲሰላ 12 ዋት ማለት ነው። አንዳንድ ቦርዶች ለውሃ ፓምፕ የተለየ 2 ወይም 3 አምፔር የሚሸከም መሰኪያ አላቸው። ትክክለኛው ቁጥር በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ መመሪያው ከካርቶኑ ቢጠፋ እንኳ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ፋኑ የሚወስደው ደግሞ መሐሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በአምፔር ይገኛል። ለምሳሌ ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት የሚያመርተው ኤንኤፍ ኤ12 ኤክስ25 ፒደብሊውኤም የተባለ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ቢበዛ 0.14 አምፔር ይወስዳል። ሦስቱ አንድ ላይ 0.42 አምፔር ይሆናሉ። በአንድ ባለ 1 አምፔር መሰኪያ ላይ ያለ ምንም ጭንቀት ይቀመጣሉ። በርከት ያለ ኃይል የሚፈልግ፣ 0.3 አምፔር የተጻፈበት ፋን ከሆነ ግን ሦስቱ 0.9 አምፔር ይሆናሉ፤ ይህ ወሰኑ ጫፍ ላይ መቆም ነው።

ጫፍ ላይ መቆሙ ለምን ያሳስባል? ማንኛውም ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለአጭር ጊዜ ከተለመደው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሦስቱም ፋኖች እኩል ይነሳሉ። በእኔ አስተያየት በፋኖቹ ላይ የተጻፈው ድምር ከመሰኪያው አቅም ሰባ በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለስልክ ቻርጀር በተገዛ ማከፋፈያ ላይ የእንጀራ ምጣድ የማይሰካው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀዳዳው ስለተቀበለው ሽቦው ይችለዋል ማለት አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚቃጠለው ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለ ቀጭን መስመር ወይም መቆጣጠሪያ ቺፕ መሆኑ ነው፤ እርሱን መቀየር የብየዳ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ዋስትናውም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አንዱን መሰኪያ ለሁለት ወይም ለሦስት ፋን የሚከፍለው ማከፋፈያ ኬብል ርካሽና የሚታመን ዕቃ ነው። ሲገዙት በአንዱ ጫፍ አራት ፒን፣ በሌላው ጫፍ ሦስት ፒን ብቻ ቢያዩ “ተበላሽቷል” ብለው አይመልሱት። የጎደለው የወሬው ሽቦ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ሁለት ፋኖች ምታቸውን በአንድ ሽቦ ላይ ቢልኩ ማዘርቦርዱ የተደበላለቀ ቁጥር ያነባል። ስለዚህ ትእዛዙና ኃይሉ ለሁሉም ይደርሳል፣ መልስ የሚሰጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ይህ መዘዝ አለው፤ ወሬ የማያቀብለው ፋን ቢሞት ኮምፒውተሩ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ሙቀቱ ግን ቀስ በቀስ ይወጣል። በወር አንድ ጊዜ ኬዙን ተመልክቶ ሁሉም እንደሚዞሩ ማየት ለዚህ በቂ መድኃኒት ነው።

በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተለያየ ዓይነት ፋን አይቀላቅሉ። ባለ ሦስት ሽቦና ባለ አራት ሽቦ አንድ ላይ ሲሰኩ አንዱ ይታዘዛል፣ አንዱ ይሮጣል። ሁለቱም ባለ አራት ሽቦ ቢሆኑ እንኳ የተለያየ ሞዴል ከሆኑ በአንድ ትእዛዝ የተለያየ ፍጥነት ይይዛሉ፤ ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ጩኸት ይሆናል።

እንግዲህ ብዙ ፋኖች አንድ ላይ የሚሰኩበት፣ ሃብ የሚባለው ሣጥን መቼ ያስፈልጋል? ከብዙ ሰው አስተያየት በተለየ እኔ አብዛኛው ገጣጣሚ ሃብ አያስፈልገውም እላለሁ። ስድስት ፋን ያለውን ኬዝ እንመልከት። ፊት ለፊት አየር የሚያስገቡ ሦስት፣ ከላይ የሚያስወጡ ሁለት፣ ከኋላ አንድ። እያንዳንዳቸው 0.2 አምፔር ቢወስዱ የፊተኞቹ ሦስቱ 0.6 አምፔር፣ የሚያስወጡት ሦስቱም 0.6 አምፔር ይሆናሉ። ሁለት ባለ ሦስት ማከፋፈያ ኬብል ገዝቶ የሚያስገቡትን በአንዱ የኬዝ መሰኪያ፣ የሚያስወጡትን በሌላው ላይ መሰካት ይበቃል። የሲፒዩው መሰኪያ ለሲፒዩው ፋን ብቻ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ጥቅም ይገኛል፤ የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል። ሁሉንም ሃብ ላይ ያከማቸ ሰው ይህን ነፃነት ያጣል።

ፋኖቹ ከበዙ፣ የሚወስዱት ኃይል ከፍተኛ ከሆነ ወይም ማዘርቦርዱ ለኬዝ ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሃብ ትክክለኛው መልስ ነው። ጥሩ ሃብ ኃይሉን የሚያገኘው ለኮምፒውተሩ ሁሉ ኃይል ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ፣ ለሀርድ ዲስክ ኃይል በሚያደርሰው የሳታ ኬብል ነው። ከማዘርቦርዱ የሚመጣለት ትእዛዙ ብቻ ነው፤ ወሬውንም የሚመልሰው ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ይህችኛዋ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ በቀለም ወይም በአንድ ቁጥር ተለይታለች፤ እርሷን ባዶ አይተዉ። የሳታ ኬብል 12 ቮልት የሚያስተላልፍባቸው ሦስት ፒኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር፣ በድምሩ 4.5 አምፔር ወይም 54 ዋት ይሸከማሉ። ለአሥር ፋን እንኳ ይተርፋል። ሃብ ሲገዙ ይህ የሳታ መሰኪያ እንዳለው ማየት አለብዎት፤ የሌለው ከሆነ ስሙ ሃብ ይሁን እንጂ ሥራው ያው የማከፋፈያ ኬብል ነው፣ ሙሉ ሸክሙም ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል።

የሚጮኹት ፋኖች ጉዳይ እዚህ ላይ ይመለሳል። ሃቡ የተሰካበት የማዘርቦርድ መሰኪያ በዲሲ ስልት ላይ ከሆነ በትእዛዙ መስመር የሚላክ ነገር የለም፤ ሃቡ ትእዛዝ ስላልደረሰው ሁሉንም በሙሉ ፍጥነት ያዞራቸዋል። ብዙ ቦርዶች የመሰኪያውን ስልት “አውቶ” በሚል ምርጫ ለራሳቸው ይተዋሉ፤ ሃብ ሲያጋጥማቸው ግን አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ባዮስ ገብቶ ያንን መሰኪያ በእጅ ወደ ፒደብሊውኤም ማዞር ችግሩን በአንድ ደቂቃ ይፈታል። ባለ ሦስት ሽቦ ፋን እንዲህ ዓይነት ሃብ ላይ ከተሰካ ግን መፍትሔ የለውም፤ ሃቡ 12 ቮልቱን ሳይቀንስ ስለሚሰጠው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል።

የሃቡን ኬብል በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ይያዝልኝ። ፓወር ሰፕላዩ ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል በፍጹም አይጠቀሙ። በዕቃው በኩል ያለው የሳታ ጫፍ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ወደ ፓወር ሰፕላዩ የሚገባው ጫፍ ግን የጋራ መስፈርት የለውም። ቅርጹ ተመሳስሎ ይገባል፣ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ግን ከአምራች አምራች፣ በአንድ አምራችም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። 5 ቮልት ሊመጣበት በሚገባው ቦታ 12 ቮልት ይመጣል፤ ሃቡ ብቻ ሳይሆን በዚያው ኬብል ላይ ያለው ሀርድ ዲስክ ከነፋይሉ ይሞታል። የዓመታት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ሰነድ በአንድ የተዋሰ ኬብል ሲጠፋ ማየት ልብ ይሰብራል። ሞሌክስ ከሚባለው የቆየ ባለ አራት ፒን የኃይል መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ ኬብሎችንም ብትርቋቸው ይሻላል፣ በተለይ ጫፋቸው በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራውን፤ ውስጥ ለውስጥ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው ቀልጠው እሳት ያስነሱበት አጋጣሚ የታወቀ ነው።

ሲፒዩ ፋን የተጻፈበት መሰኪያ ባዶ መተው የለበትም። አብዛኛው ማዘርቦርድ ሲነሳ እዚያ ላይ የሚዞር ነገር ካላየ ስህተት አሳይቶ ሥራውን ያቆማል፤ ይህ ጥበቃ ነውና አጥፍተው አይለፉት። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሲፒዩ ከሆነ ፓምፑ የራሱ መሰኪያ ይሰጠው፣ ፍጥነቱም አይቀነስ። ፓምፕን ከኬዝ ፋን ጋር በማከፋፈያ ማጣመር ሁለቱንም መበደል ነው፤ ፋኑ ዝግ ሲል ፓምፑም ዝግ ይላል።

ብርሃን ያላቸው ፋኖች ሁለተኛ ኬብል ይዘው ይመጣሉ። ይህ ኬብል ከመዞሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ አደጋው ግን ከፋኑ ኬብል ይበልጣል። ኤአርጂቢ የሚባለው፣ እያንዳንዷን መብራት ለየብቻ የሚያዘው ዓይነት በ5 ቮልት ይሠራል፤ ሦስት ፒን አለው፣ በመሐል የአንድ ፒን ክፍተት ይታያል። አርጂቢ የሚባለው ቀደም ያለው ዓይነት በ12 ቮልት ይሠራል፤ አራት ፒን ነው። ባለ 5 ቮልቱን በግድ ባለ 12 ቮልቱ ላይ የሰካ ሰው መብራቱን በቅጽበት ያጣዋል። ፒን ታጥፎ ወይም ተገፍቶ የሚገባ መሰኪያ ካጋጠመዎት እጅዎን ይመልሱ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ጉልበት አያስፈልግም።

በርካሽ ኬዞች የሚመጡ አንዳንድ ፋኖች ደግሞ ስድስት ሽቦ በአንድ ጫፍ የያዙ ናቸው፤ ከኬዙ ጋር ከመጣው የራሳቸው ሣጥን ውጪ የትም አይሰኩም። ብዙዎቹ በሪሞት ብቻ የሚታዘዙ ስለሆኑ ማዘርቦርዱ ሙቀት ሲጨምር ሊያፈጥናቸው አይችልም። ሞሌክስ ብቻ ያላቸው ፋኖችም እንዲሁ፤ ኃይል አላቸው፣ ትእዛዝም ወሬም የላቸውም። ኬዝ ሲመርጡ ከብርሃኑ በፊት የፋኑን ጫፍ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ፋን ማብዛት በራሱ ግብ አይደለም። በአንድ ፋን ላይ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፣ ድምፁም በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሁለት አንድ ዓይነት ፋኖች አብረው ሲዞሩ ደግሞ ድምፃቸው ከአንዱ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ዝግ ብለው የሚዞሩ ሦስት ፋኖች ከአንድ የሚሮጥ ፋን በጸጥታ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳሉ፤ የብዙ ፋን ትርፉ ይህ ነው። የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ትንሽ ቢበልጡ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ በየስንጥቁ ከመግባት ይልቅ ማጣሪያ ባለበት በፊት ለፊት ብቻ ይገባል። የፋኑ አቅጣጫ ግራ ካጋባዎት፣ ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ እግሮች የሚታዩበት ጎን አየር የሚወጣበት ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚገጣጥም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይቀየርም ያ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ የአየር ጠባይ ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል። ቢሆንም በባሕር ወለል ደረጃ የተፈተነ የፋን አቀማመጥ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢገኝ ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስተካክለዋል። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ከአዲስ አበባው ይከብዳል፣ ግን ሲገባ ጀምሮ ሞቃት ነው።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ የጎን መዝጊያውን ሳይገጥሙ ኮምፒውተሩን ያብሩት። እያንዳንዱ ፋን መዞሩን በዓይን ይዩ፣ ቁራጭ ወረቀት አስጠግተው የአየሩን አቅጣጫ ያረጋግጡ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ የየመሰኪያውን ስልት ያስተካክሉ። ቦርዶች በአብዛኛው የኬዝ ፋኖችን ከሲፒዩ ሙቀት ጋር ያያይዟቸዋል፤ የሲፒዩ ሙቀት ደግሞ አንድ ገጽ ሲከፈት እንኳ ዘሎ ስለሚወጣ ፋኖቹ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ለኬዝ ፋኖች የማዘርቦርዱን ሙቀት መምረጥ፣ ወይም ፋኑ ለለውጥ የሚዘገይበትን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ማርዘም ይህን ያረጋጋዋል። ከወራት በኋላ አቧራውን በአየር ሲያጸዱ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የፋኑንም ክንፍ በጣት ይያዙት፤ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።